የቡሬዋ ላም እመቤት፦ የወይዘሮ ኢኒድ ሆልሮይድ የሕይወት ታሪክ (እ.ኤ.አ. 1947–2019)

የ1947ቱ በረዶ በከሰል መንደራችን በኤልምሮይድ የወረደው በጥር መጨረሻ ነው። መጋቢት እስኪጋመስ አልለቀቀም። መንገዱ ተዘጋ፤ ባቡር ቆመ። የድንጋይ ከሰል ከመንደሩ ሥር ሞልቶ ሳለ ከጉድጓዱ አፍ የሚያነሣው ስለጠፋ፣ ከሰል ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ወንበር ሰብረው አነደዱ። በጎች በአጥር ጥግ እንደ ቆሙ ሞቱ። በዚያ ወር ያረፉ ሁለት ሽማግሌዎች፣ መሬቱ አልቆፈር ስላለ፣ አስከሬናቸው በጸሎት ቤቱ ጓዳ ሰንብቶ ነው የተቀበረው።

ወይዘሮ ኢኒድ በዚያ ወቅት፣ የካቲት 20 ቀን፣ ከአባታቸው ከአቶ ጆሴፍ ቶርዶፍና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሐና ክሌግ ተወለዱ። አዋላጇ በበረዶው ላይ ስትመጣ አጥሩን ሳታየው ተሻግራዋለች፤ አጥሩ ከእግሯ በታች ነበር። ልጅቷን አገላብጣ አይታ «ይቺን ብርድ አይገድላትም» ብላ ሄደች።

አባታቸው ከሰል ቆፋሪና የሜቶዲስት ጸሎት ቤት አገልጋይ ነበሩ። በቤታቸው መጠጥ አይገባም። ቡሬዋ ላም በምትባለው መጠጥ ቤት በኩል ባለው የመንገድ ዳር እንኳ አይሄዱም፤ መንገድ ተሻግረው በማዶ ያልፋሉ። ወይዘሮ ኢኒድ በሰባት ዓመታቸው፣ እንደ ጸሎት ቤቱ ልጆች ሁሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን መጠጥ ላለመቅመስ ፈረሙ። አባታቸው በዚያ ቀን ያሏቸውን ታላቅ ወንድማቸው ያስታውሳሉ፦ «ስምሽን የምታኖሪው እውነት ላይ ብቻ ነው። ስም አንድ ነው፤ ሁለተኛ አይሰጥሽም።»

በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመታቸው ተማሩ። ከዚያ ወደ ሱፍ ፋብሪካ ገብተው ጨርቅ መርማሪ ሆኑ። ሥራቸው የተሸመነውን ጨርቅ በብርሃን ፊት ዘርግቶ ጉድለቱን መፈለግና በመርፌ ማረም ነበር። ዓይናቸው በዚያ ተሳለ። ከዚያ በኋላ የትም ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት እድፉን ነው፤ ዘመድ ቤትም ቢሆን።

በ1968 ከአቶ ክሊፎርድ ሆልሮይድ ጋር ተጋቡ። አቶ ክሊፎርድ ከሰል ቆፋሪ፣ ሳቂታ፣ የቢራ ወዳጅ ነበሩ። የወይዘሮ ኢኒድ አባት ወደ ጋብቻው ጸሎት መጡ፤ ወደ ድግሱ አልመጡም። በ1970 ልጃቸው ጊሊያን ተወለደች። በ1972 የተወለደው ዴቪድ ከመናገሩ በፊት አረፈ። ስለ እሱ ወይዘሮ ኢኒድ አይናገሩም ነበር፤ ይህም ጽሑፍ ከዚህ በላይ አይናገርም።

በ1976 የጉድጓዱ ጣሪያ ተደርምሶ የአቶ ክሊፎርድን እግር ሰበረ። በካሣው ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት ቡሬዋን ላም ተከራዩ። መንደሩ ሳቀ። የጆሴፍ ቶርዶፍ ልጅ፣ መጠጥ ላለመቅመስ የፈረመችው፣ ባለ መጠጥ ቤት ሆነች! ነገር ግን ወይዘሮ ኢኒድ ፊርማቸውን አላፈረሱም። ሠላሳ አራት ዓመት ቢራ ሲቀዱ አንድ ጉንጭ አልቀመሱም። ጥሩውን ከመጥፎው በዓይናቸውና በአፍንጫቸው ይለዩ ነበር፤ የተሳሳቱበትን ቀን የሚያውቅ የለም።

አባታቸው ወደዚያ ደጅ ሳይደርሱ ሞቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከማዶ ይቆሙ ነበር። ልጃቸው በሩ ላይ ይወጡላቸዋል።

«ኢኒድ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ አባባ። አይሻገሩም?»

«አልሻገርም። ቤቱ ንጹሕ ነው?»

«ንጹሕ ነው።»

«እሱስ ይሁን» ብለው ይሄዳሉ።

ቤቱ የቢራ ጠማቂው ነበር። ውሉ «እስር» ይባላል፤ ተከራይ ቢራውን ከቤቱ ባለቤት ብቻ እንጂ ከሌላ አይገዛም። ያኔ ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ያስር ነበር። የጠማቂው ወኪል በዓመት ሁለት ጊዜ እየመጡ ምድር ቤት ይወርዳሉ፣ ቢራውን ይቀምሳሉ፣ የጣሪያውን ክዳን ያያሉ፣ የሚጠገነውን ያስጠግናሉ። በ1984 ቆፋሪዎቹ አድማ መትተው ሥራ ሲያቆሙ ወይዘሮ ኢኒድ በመጠጥ ቤቱ ጓዳ ለአድመኞቹ ልጆች ሾርባ ሠሩ። ወኪሉ መጥተው ድስቱን አዩ። ስለ ኪራይ ሳያነሡ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። በዚያ ክረምት የኪራይ ጥያቄ አልመጣም።

ጉድጓዱ በ1992 ተዘጋ። ጠማቂው ደግሞ ቤቶቹን በጅምላ ሸጠ። የገዛው ድርጅት ቢራ አይጠምቅም፤ ቤት ይዞ ቢራ ያሻሽጣል እንጂ። በርሜሉን ከጠማቂ በርካሽ ይገዛል፣ ለታሰሩት ተከራዮቹ በውድ ያስረክባል። ከመንገዱ ማዶ ያለው የሠራተኞች ክበብ ከፈለገበት ስለሚገዛ ያንኑ ቢራ ቀንሶ ይሸጥ ነበር። አቶ ክሊፎርድ «ደንበኛዬ መንገድ ሲሻገር በመስኮት እያየሁ ሰላም እለዋለሁ፤ እኔም ብሆን እሻገር ነበር» ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ኢኒድ በሥጋና በድንች የተሞላ ፓይ መጋገር ጀመሩ። ቤቱ መልሶ ሞላ። ድርጅቱ ሰው መሙላቱን አይቶ ኪራዩን ጨመረ። ምድጃው የራሳቸው፣ ዱቄቱ የራሳቸው፣ ድካሙም የራሳቸው ነበር። የበረከተው ግን ለባለቤቱ ነው። የጣሪያው ክዳን ሲያፈስ ድርጅቱ ውሉን አወጣ፤ ጥገናው የተከራይ ነበር።

በ2006 ሰዎች መጥተው በምድር ቤት፣ በየቢራው ቱቦ ላይ፣ ቆጣሪ ገጠሙ። ተከራይ ከውጭ ቢራ አስገብቶ እንዳይሸጥ መጠበቂያ ነው ተባለ። ወይዘሮ ኢኒድ አልተቃወሙም። «የሚደብቅ ይፍራ» አሉ።

እዚህ ላይ ስለ እጥበት መናገር ያስፈልጋል። የቢራ ቱቦ ይቆሽሻል። ካልታጠበ ቢራው ይኮመጥጣል። ስለዚህ ባለቤቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ቱቦውን በማጠቢያ ፈሳሽ፣ ከዚያም ማጠቢያው እስኪለቅ በብዙ ውሃ ያጥባል። ልማዱ አንድ ጊዜ ነው። ወይዘሮ ኢኒድ ሁለት ጊዜ ያጥቡ ነበር፣ ሰኞና ሐሙስ፤ ውሃውንም ከሰው ሁሉ አብዝተው ይለቁ ነበር። ያዘዛቸው የለም። ቆጣሪው ደግሞ በቱቦው ያለፈውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ምን እንደሆነ አይጠይቅም።

በ2008 መስከረም የድርጅቱ የአካባቢ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ኮልዌል መጡ። አቶ ክሊፎርድ በዚያን ጊዜ የከሰሉ አቧራ ሳንባቸውን ጨርሶት፣ ከመጠጥ ቤቱ በላይ ባለው ክፍል በኦክስጅን ይኖሩ ነበር። የዚያን ቀን ግን ተደግፈው ወርደው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ወይዘሮ ሆልሮይድ፣ ከእኛ ከገዙት በላይ ብዙ ቢራ በቱቦው አልፏል» አሉ ሚስተር ኮልዌል።

«ውሃ ነው ያለፈው።»

«የእጥበቱን ቀንሰንልዎታል። በሳምንት አንድ ጊዜ።»

«እኔ ሁለት ጊዜ ነው የማጥበው።»

«ሁለት ጊዜ? ለምን?»

«ስለሚቆሽሽ ነዋ!»

አቶ ክሊፎርድ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ምነው ልጄ፣ እናትህ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር እንዴ የምታጥብህ?» አሉ።

ሚስተር ኮልዌል አልሳቁም። ብዕር ይዘው ነበር፤ አልጻፉበትም። «መሣሪያው አይዋሽም» አሉ።

«አይዋሽም» አሉ ወይዘሮ ኢኒድ። «አያውቅም እንጂ።»

ወሩ ሳያልቅ ሁለት ምርጫ ቀረበላቸው። ከውጭ ቢራ አስገብቼ ሸጫለሁ ብለው አምነው ይፈርሙና አራት ሺህ ስድስት መቶ ፓውንድ ቅጣት ከፍለው ይቆዩ። ወይም ቤቱን በገና ይልቀቁ።

ሐኪሙ አቶ ክሊፎርድ ጸደይን እንደማያዩ ተናግሮ ነበር። አልጋቸው በመስኮቱ ሥር ነው፤ ከዚያ ሆነው የድሮውን ጉድጓድ ኮረብታ ያዩ ነበር። ሚስታቸውን «አትፈርሚ» አሏቸው። «እኔ የትም እሞታለሁ። ሞት አድራሻ አይጠፋውም።»

«የትም አትሞትም» አሉ ወይዘሮ ኢኒድ። «እዚሁ ነው የምትሞተው፣ በአልጋህ።»

«አባትሽ ቢሰሙስ?»

«አባባ ከማዶ ናቸው። አይሻገሩም።»

ኅዳር ላይ ፈረሙ። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ እውነት ላይ ብቻ የኖረው ስማቸው፣ ያላደረጉትን ስርቆት አደረግሁ ከሚል ወረቀት በታች ሰፈረ። አቶ ክሊፎርድ መጋቢት 3 ቀን 2009 በአልጋቸው አረፉ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

የቅጣቱ መክፈያ ቀን ከቀብሩ በኋላ ደረሰ፤ ገንዘቡ በቤት አልነበረም። ደንበኞቻቸው ይህን ሰሙ። አቶ ዊልፍ ባርከር፣ የአቶ ክሊፎርድ የጉድጓድ ባልንጀራ፣ ቆባቸውን ገልብጠው ባንኮኒው ላይ አኖሩ። ጡረተኛው ከጡረታው፣ አናጺው ለገና ካጠራቀመው አወጣ። ወይዘሮ ኢኒድ ቆቡን ወደ አቶ ዊልፍ መልሰው ገፉት።

«ምጽዋት አልቀበልም።»

«ማን ምጽዋት አለሽ? አበደርንሽ። ወለድ ግን እንጠይቃለን፤ ከዛሬ ጀምሮ ፓዩ ውስጥ ሥጋ ይግባበት።»

«ሥጋውንማ አንተ መርጠህ ትበላዋለህ፤ ሌላው የት ያገኘዋል!» አሉ። ቀጥለውም የደንበኞች ዱቤ በጠመኔ የሚጻፍበትን ጥቁር ሰሌዳ ከግድግዳው አወረዱ። የሁሉንም ዱቤ አጠፉ። በላዩ የየአበዳሪውን ስምና ያዋጣውን ጻፉና መልሰው ሰቀሉት።

አቶ ዊልፍ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «በዚህ ዕድሜዬ ባለ መጠጥ ቤት ከሰካራም ዱቤ ስትወስድ አየሁ። መልኳም የሚታመን አይደለም።»

«የማይታመን መልክ ካየህ መስተዋቱ ከኋላዬ ነው፤ አሻግረህ ተመልከት» አሉ ወይዘሮ ኢኒድ። ያን ምሽት ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ሳቀ።

ነገሩ ግን በሳቅ አላለቀም። ወረቀቱ በድርጅቱ መዝገብ ስለነበረ ወሬው ከአንዱ ተከራይ ወደ ሌላው ዞረ። በማዶው ክበብ «ኢኒድ በጓሮ ታስገባ ነበር አሉ፤ ራሷ ፈርማለች» ተባለ። ወይዘሮ ኢኒድ የመንደሩን ሴቶች የቁጠባ ሣጥን ለሃያ ዓመት ይዘው ነበር። ቁልፉን ወስደው ለሰብሳቢዋ አስረከቡ።

«ማንም አልጠየቀሽም እኮ ኢኒድ» አለቻቸው።

«ሌባ ነኝ ብሎ የፈረመ ሰው የሰው ገንዘብ አይይዝም» ብለው ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ በወንድማቸው ቤት በኩል ሲያልፉም ዐንገታቸውን ደፍተው ነበር።

በ2011 ድርጅቱ ኪራዩን እንደገና ጨመረ፤ ወይዘሮ ኢኒድ አልቻሉትም። ሲለቁ ለቀለምና ለጣሪያው ክዳን መጠገኛ ተብሎ መያዣቸው ተወሰደባቸው። ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ በሁለት ሻንጣና በአንድ ሰሌዳ ወጡ። ቡሬዋ ላም ሌላ ተከራይ ሳታገኝ መስኮቷ በጣውላ ተመታ። እስከ ዛሬ እንዲሁ ናት።

ወይዘሮ ኢኒድ ከማዘጋጃ ቤት ባገኙት ክፍል ገቡ፤ በስድሳ አራት ዓመታቸው በትምህርት ቤት የጽዳት ሥራ ያዙ። ሰሌዳውን በማድቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ከደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት እየቆጠቡ የድኾቹን ስም መጀመሪያ አጠፉ። የሌሎቹ ቀረ። ልጃቸው ጊሊያን እከፍልልሻለሁ ብትል «የፈረምሽው አንቺ ነሽ?» ብለው ይመልሷት ነበር።

በ2016 እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ተከራዮቻቸውን በቅንነት እንዲያስተናግዱ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ሕጉ ወደ ኋላ አይመለከትም። ነገር ግን በሌላ ሸለቆ አንድ ተከራይ ተከራክሮ፣ በገላጋይ ፊት በቆጣሪው ውስጥ ንጹሕ ውሃ ብቻ ተለቀቀ፤ ቆጣሪው ውሃውን ቢራ ብሎ መዘገበ። ድርጅቱ አፍሮ፣ ቀድሞ ቅጣት ያስከፈላቸውን ተከራዮች ጉዳይ እንደገና ለማየት ተስማማ። ጊሊያን የእናቷን ጉዳይ አቀረበች። መልሱ አጭር ነበር፦ ያልፈረሙት ይመለስላቸዋል፤ የፈረሙት አምነዋል።

ወይዘሮ ኢኒድ መልሱ ሲነበብላቸው ዕቃ እያጠቡ ነበር። «ትክክል ናቸው» አሉ። «ፈርሜያለሁ።» ማጠባቸውንም ቀጠሉ።

በ2018 ሰኔ አንድ ሰው በራቸውን አንኳኳ። ሚስተር ኮልዌል ነበሩ። ድርጅቱን ለቀው እሳቸውም ከሌላ ባለቤት በእስር ውል መጠጥ ቤት ተከራይተው ነበር። ወይዘሮ ኢኒድ አስገቧቸው፤ ሻይ ግን አላሏቸውም። በእኛ መንደር እንግዳ ገብቶ ሻይ አለመባሉ ምን ማለት እንደሆነ እሳቸውም ያውቁ ነበር።

ሚስተር ኮልዌል ቆመው ሰሌዳውን አዩ። «አሁን ቱቦ የማጥበው እኔው ነኝ» አሉ። «አንዴ አጥቤ በአራተኛው ቀን ይሸተኛል።»

«አፍንጫ አለህ ማለት ነው።»

«በሳምንት ሁለት ጊዜ እንደሚያጥቡ ነግረውኝ ነበር። አልጻፍኩትም።»

«አውቃለሁ። ብዕሩ እጅህ ላይ ነበር።»

«በኋላም ያልተናገርኩት፣ ባሏ አልጋ ላይ መሆኑን አውቆ አስፈረማት ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው። እውነቱም እሱ ነበር። አሁን ልጽፈው መጥቻለሁ።»

«ጻፍ እንግዲህ» አሉ ወይዘሮ ኢኒድ፤ ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉላቸው። «ስለ ክሊፎርድም ጻፍ። ስለ ራስህ ግን አታልቅስበት፤ ወረቀቱ ይረጥባል።»

ጻፉ፤ ፈረሙም። ወይዘሮ ኢኒድ አንብበው ሲጨርሱ ተነሥተው ውሃ ጣዱ፤ ሻይ ሰጧቸው።

ምስክርነቱ በገላጋይ ፊት ቀረበ፤ ድርጅቱም ወራት ወሰደ። በዚያ መካከል፣ በኅዳር፣ ወይዘሮ ኢኒድ የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ቀዶ ሕክምና አልፈለጉም። በጥር በሕሙማን ማረፊያ ገቡ። አልጋቸው ላይ ሆነው ለአስታማሚዋ የመታጠቢያ ሳሕኑን ጠርዝ በጣታቸው አሳዩ፤ በደንብ አልታጠበም ነበር።

የካቲት 26 ቀን 2019 መልስ መጣ። ድርጅቱ ወይዘሮ ኢኒድ ሆልሮይድ ከውጭ ቢራ አስገብተው እንዳልሸጡ ተቀበለ። ፊርማቸው ያለበት ወረቀት ተሰረዘ። ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ ይመለስ ተባለ። ጊሊያን ሁለት ጊዜ አነበበችላቸው።

«ስሜን መለሱልኝ?»

«መለሱልሽ እማዬ።»

«በይ ሰሌዳውን ሰዎቹ ዘንድ ይዘሽ ሂጂ። ለእያንዳንዱ ድርሻውን በእጁ ስጪ። ግብዣ ነው እንዳትይ፤ ብድር ነው። ከመቀበሬ በፊት።»

ወይዘሮ ኢኒድ መጋቢት 9 ቀን 2019 ንጋት ላይ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው አረፉ። የአንዲት ሴት ልጅ እናትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ልጃቸው ጊሊያን፣ የልጅ ልጆቻቸው ማርከስና ሄዘር፣ ታላቅ ወንድማቸው ሳሙኤል ቶርዶፍም ከኋላ ቀርተዋል። ከባለቤታቸው ከአቶ ክሊፎርድ ጎን፣ ከልጃቸው ከዴቪድ አጠገብ ዛሬ ያርፋሉ። እውነተኛ ሚዛን ያለው አምላክ፣ ውሃውን ከቢራው፣ ንጹሑን ከሐሰተኛው የሚለይ፣ ነፍሳቸውን በንጹሕ ስፍራ ያሳርፍ።

ጊሊያን የታዘዘችውን ፈጸመች። ብዙዎቹ ተቀበሉ፤ የሞቱትን ልጆቻቸው ተቀበሉላቸው። የቀሩት አቶ ዊልፍ ባርከር ብቻ ነበሩ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጊሊያንና አጎቷ ሳሙኤል ሰሌዳውን ይዘው ወደ አረጋውያን መኖሪያው ሄዱ። አቶ ዊልፍ ገንዘቡን አይተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ከሬሳ ላይ ብድር አልቀበልም። ሂዱ ወዲያ!»

«ጋሽ ዊልፍ፣ እባክዎ» አለች ጊሊያን።

«አበባ ግዙባት።»

አቶ ሳሙኤል በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከመጠጥ ቤት ሰው ጋር ቁም ነገር ሲያወሩ የመጀመሪያቸው ነው። «ዊልፍ» አሉ፤ «ካልተቀበልክ ነገ ዕዳ ይዛ ነው የምትቀበር። እኔ ለእህቴ አልፈቅድም። አንተ ትፈቅድላታለህ?»

አቶ ዊልፍ እጃቸውን ዘረጉ። ገንዘቡን አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ ትክክል መሆኑን ተናገሩ። ሰሌዳውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ስማቸውን በእጅጌያቸው አጠፉ፤ ጠመኔው ከእጅጌያቸው ላይ ሲቀር አላራገፉትም።

በኤልምሮይድ ከወይዘሮ ኢኒድ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው የለም።